ሞተሩ ይነሳል፣ ማሞቂያው ግን አይነፋም፦ የሪሞት ስታርተር ሽቦ ጥያቄ

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ለሌላውም እንዲገባው ባጭሩ ልድገመውና ወደ መልሱ እሄዳለሁ። ሴንት ፖል ነው ያለኸው፣ 2006 ኮሮላ ኦቶማቲክ አለችህ፣ ባለቤትህ ነርሲንግ ሆም የጠዋት ሺፍት ስላላት በኛ አቆጣጠር ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ትወጣለች፣ ለሷ ብለህ ኦንላይን ሪሞት ስታርተር ገዛህ፣ ሞተሩን ከቤት ሆነህ በሪሞት የሚያስነሳልህን ዕቃ። የኪቱ መመሪያ አራት ሽቦ ነው የሚያወራው፣ ባትሪ፣ ኢግኒሽን፣ አክሰሰሪ፣ ስታርተር። አንተ ግን ከመሪው ስር ስትከፍተው ስድስት ወፍራም ሽቦ አገኘህ። ሁለቱ ቁልፉ ጠፍቶም 12 ቮልት ያሳያሉ፣ ሌሎች ሁለት ደሞ ቁልፉ ኦን ላይ ሲሆን 12 ያሳያሉ፣ ልዩነት የላቸውም ብለህ አንዱን መርጠህ አገናኘህ። አሁን በሪሞት ሞተሩ ይነሳል፣ ሬድዮው ይሰራል፣ ግን ክሩስኮቱ ጨለማ ነው ማሞቂያውም አይነፋም። ዩትዩብ ላይ ያለው ሰውዬ የጠራቸው ቀለሞች ያንተ መኪና ላይ የሉም። መጨረሻ ላይ ደሞ «ሁለቱን ኢግኒሽን አንድ ላይ ባገናኛቸው ይሰራል?» ብለሃል።

ከመጨረሻው ልጀምር። ሊሰራ ይችላል፣ ግን አታድርገው። ምክንያቱን እመጣበታለሁ። እስከዛው ሪሞቱን ኪስህ ውስጥ አስቀምጠውና በቁልፍ ተጠቀሙ፣ ይሄንን ለጊዜው ይሁን ብለህ እንዳትተወው። ክሩስኮቱ ጨለማ ሆኖ ሞተር የሚሰራ ከሆነ ባትሪውም ላይሞላ ይችላል፣ በብዙ ቶዮታ ላይ ዲናሞውን የሚያነቃው ኃይል የሚመጣው ክሩስኮቱን ከሚያበራው መስመር ነው። ማረጋገጥ ከፈለግክ በሪሞት አስነሳውና ባትሪው ላይ ለካ፣ ወደ 14 ቮልት ካልደረሰና 12 ምናምን ላይ ከቆመ እየሞላ አይደለም። ከዜሮ በታች ብርድ ላይ ያልተሞላ ባትሪ ምን እንደሚያደርግህ ታውቃለህ፣ በ2019 ጥር መጨረሻ ሚኒያፖሊስ ፋራናይት ከዜሮ በታች 28 ሲገባ እኔ ቀኑን ሙሉ ጃምፕ ስሰጥ ነው የዋልኩት።

ሙያውን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አካባቢ ካለ ጋራዥ ነው የጀመርኩት፣ እዛ ሪሞት ስታርተር ማን ያስገባል፣ ቁር የለ ምን የለ፣ አላርም ነበር የምናስገባው። ግን የሽቦው ነገር ያው ነው። እዚህ ከመጣሁ በኋላ ከጥቅምት እስከ የካቲት ከዚህ ሌላ ስራ የለኝም ማለት ይቻላል። ስለዚ የምነግርህ እጄ ላይ ያለውን ነው።

አሁን ዋናው ነገር ምን መሰለህ፣ ሽቦ በቀለሙ አይታወቅም፣ በስሙም አይታወቅም፣ ቁልፉ ሲዞር በሚያደርገው ነገር ነው የሚታወቀው። የቀለም ዝርዝር አትይ አላልኩም፣ እኔም አያለሁ፣ የት ጋ መፈለግ እንዳለብኝ ይጠቁመኛል። ግን መኪናዋ የ20 ዓመት መኪና ናት፣ ካንተ በፊት ስንት ሰው እንደነዳት አታውቅም። አንዱ አላርም አስገብቶ፣ ሌላው አውጥቶት፣ የስታርተሩን ሽቦ ቆርጦ መልሶ ሲቀጥለው መሀል ላይ ያገኘውን ሰማያዊ ሽቦ አስገብቶ በጥቁር ቴፕ ጠቅልሎት ይሆናል። እኔ እንደዚህ አይነቱን በየሳምንቱ አያለሁ፣ ቴፑን ስትልጠው ማስቲካ የሚመስል ነገር ጣትህ ላይ ይቀራል፣ ውስጡ ሽቦው ሳይበየድ ተጠምዝዞ ብቻ ይገኛል። እንደዚህ ካየህ መጀመሪያ እሱን አስተካክል፣ ሌላ ነገር እላዩ ላይ አትጨምር።

ስሙም ያደናግራል፣ ያንተ ግራ መጋባት ግማሹ የመጣው ከዚህ ነው። ቶዮታ በራሱ ወረቀት ላይ የቁልፍ ቤቱን ሽቦዎች ኤኤም1፣ ኤኤም2፣ ኤሲሲ፣ አይጂ1፣ አይጂ2፣ ኤስቲ1፣ ኤስቲ2 ብሎ ነው የሚጠራቸው። ሁለቱ ኤኤም ከባትሪ በየራሳቸው ፊውዝ በኩል የሚመጡ ናቸው፣ አንተ «ቁልፉ ጠፍቶም 12 ያሳያሉ» ያልካቸው እነሱ ናቸው። ኤኤም1 ኤሲሲንና አይጂ1ን ይመግባል፣ ኤኤም2 ደሞ አይጂ2ን። ኤስቲ1 ብዙ መኪና ላይ ባዶ ቀዳዳ ነው፣ ስለዚ ስድስት ማግኘትህ ትክክል ነው። የሪሞት ስታርተር ሰሪዎቹ ግን «ኢግኒሽን 1» ሲሉ ሞተሩን የሚያኖረውን ማለታቸው ነው፣ «ኢግኒሽን 2» ሲሉ ተጨማሪውን። ቶዮታ ላይ ደሞ ሞተሩን የሚያኖረው፣ ማለትም ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን ቦቢናና የሞተሩን ኮምፒውተር የያዘው፣ አይጂ2 ነው፣ አይጂ1 ክሩስኮቱን፣ የማሞቂያውን ሪሌ (በትንሽ ከረንት ትልቁን ከረንት የሚከፍተውና የሚዘጋው)፣ ዋይፐር ምናምን የያዘው ነው። አየኸው አይደል፣ ቁጥሩ ተገለባብጧል። መመሪያው 1 ሲል ቶዮታ 2 ይላል። ቁጥሩን እያነበበ የሚያገናኝ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው።

ስለዚ አንተ ሳታውቀው ፈተናውን ሰርተኸዋል። ሞተሩ ተነስቶ ከቆየ ያገናኘኸው አይጂ2ን ነው። የቀረው፣ ክሩስኮቱና ማሞቂያው የጎደለበት፣ አይጂ1 ነው። ግን በግምት አንተወውም፣ እንለካዋለን።

መለኪያው ዲጂታል መልቲሜትር ይሁን፣ የ15 ዶላሩም ይበቃል። ጫፉ ላይ አምፖል ያለው ቴስት ላይት ግን ከመሪው ስር አትጠቀም። አምፖሉ ራሱ ከረንት ይስባል፣ የተሳሳተ ሽቦ ላይ ካሳረፍከው ኮምፒውተር ሊጎዳ ይችላል፣ ኤርባግ ሽቦ ላይ ካሳረፍከውማ አላወራውም። ቢጫ ሶኬት ወይ ቢጫ ልባስ ያለው ሽቦ ካየህ የኤርባግ ነው፣ በመልቲሜትርም ቢሆን አትንካው፣ አታጥፈው፣ መንገድ ከዘጋብህ ሌላ መንገድ ፈልግ። ለመቁረጥና ለመበየድ ስትነሳ ደሞ ቁልፉን አውጥተህ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍታና ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቅ፣ የቶዮታ መመሪያም የሚለው 90 ሰከንድ ነው፣ ኤርባጉ ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል እስኪያልቅ ነው። እኔ ቡና ልጠጣ እሄዳለሁ፣ ከ90 ሰከንድ ያልፋል።

የጥቁሩን ጫፍ ማሳ ላይ፣ ማለትም ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋ የተያያዘው የመኪናው ብረት ላይ እሰረው፣ ቀለም የሌለው ባዶ ብረት ላይ፣ የመሪውን ዘንግ ወይ የክሩስኮት ሽፋን ቡሎን ብለህ አትመን። ማሳህ ጥሩ መሆኑን መጀመሪያ ሁሌም ኃይል ባለው ሽቦ አረጋግጥ፣ የባትሪው ላይ 12.5 ካየህና እዚህ 11 ካየህ ማሳህ ነው መጥፎ። ቀዩን ጫፍ ደሞ ሽቦውን ወግተህ አይደለም፣ በሶኬቱ ጀርባ በኩል፣ ሽቦው ወደ ውስጥ ከሚገባበት ቀዳዳ፣ ቀጭን የልብስ ስፌት መርፌ ወይ ለዚሁ የሚሸጠውን ፒን አስገብተህ። የተወጋ ሽቦ ዛሬ ምንም አይሆንም፣ ከሁለት ክረምት በኋላ ከጫማ ላይ የሚወርደው ጨውና ውሃ ገብቶ አረንጓዴ ያደርገዋል።

የምትለካው ወፍራሞቹን ብቻ ነው። እዛው አካባቢ ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፣ ቁልፉ ውስጥ መኖሩን አውቆ ጢጥ ጢጥ የሚለው፣ የቁልፉ ቀዳዳ ዙሪያ የሚበራው መብራት፣ ቺፕ ያለው ቁልፍ ከሆነ የሱ አንቴና። አንዱ ላይ 12 ቮልት ልታይ ትችላለህ። 12 ቮልት አለው ማለት ግን 30 አምፒር ይችላል ማለት አይደለም። መልቲሜትር ይሄን አይነግርህም፣ ለመልቲሜትር ፀጉር የምታህል ሽቦም 12 ናት። የውፍረቱን ነገር ዓይንህ ነው የሚነግርህ።

እንግዲህ አራት የቁልፍ ቦታ አለ፣ ኦፍ፣ አክሰሰሪ፣ ኦን፣ ስታርት። አንተ የለካኸው ሦስቱን ነው፣ ስታርትን አልለካኸውም። ሁሉም ሰው የሚዘላት እሷን ናት፣ ልዩነቱ ያለው ግን እዛች አንድ ሰከንድ ውስጥ ነው። ለዚህ ሁለተኛ ሰው ያስፈልግሃል፣ ቁልፉን የሚያዞርልህ፣ አንተ ከስር ተኝተህ ቁጥሩን ታያለህ። ማርሹ ፓርክ ላይ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ እግር ፍሬን ላይ። እኔ ቤት ስሰራ ልጄን ነው የማስቀምጣት፣ «አዙሪ» «ልቀቂ» ብቻ ነው የማወራት፣ ሌላ ወሬ የለም።

ሞተሩ ቶሎ ስለሚነሳ መልቲሜትሩ ቁጥሩን ሳያሳይህ ያልፋል። ስለዚ ከኮፈኑ ስር ካለው የፊውዝ ሳጥን ኢኤፍአይ የሚለውን ፊውዝ አውጣ፣ ሞተሪኖው (ስታርተሩ ራሱ) ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። በአንዴ ከ5 ሰከንድ በላይ አታዙር፣ መሀል መሀል ላይ አሳርፈው፣ ሞተሪኖ ሲግል ይቃጠላል። ስትጨርስ ፊውዙን መመለስ እንዳትረሳ፣ እኔ አንዴ ረስቼ ግማሽ ሰዓት ምን አበላሸሁ ብዬ ለብቻዬ ስሳደብ ነበር።

ንባቡ እንዲህ ነው የሚሆነው። ሁሌም ኃይል ያላቸው ሁለቱ በአራቱም ቦታ 12.5 አካባቢ ናቸው፣ ስታርት ላይ ወደ 10 ዝቅ ይላሉ፣ ምክንያቱም ሞተሪኖው ባትሪውን እየጎተተው ነው። ከ9.5 በታች ከወረደ ሽቦህን ተውና ባትሪህን አስመርምር። አክሰሰሪው ኦፍ ላይ ዜሮ፣ አክሰሰሪ ላይ 12፣ ኦን ላይ 12፣ ስታርት ላይ ግን ዜሮ ይሆናል፣ ሬድዮህ ስታስነሳ ለቅፅበት የሚጠፋው ለዚህ ነው። ስታርተሩ በተቃራኒው ሦስቱም ላይ ዜሮ ሆኖ ስታርት ላይ ብቻ 10 ምናምን ያሳያል፣ ቁልፉን ስትለቅ ወዲያው ዜሮ። ሞተሩን የሚያኖረው ኢግኒሽን ኦፍ ላይ ዜሮ፣ አክሰሰሪ ላይም ዜሮ፣ ኦን ላይ 12፣ ስታርት ላይ 10 ምናምን ይዞ ይቀጥላል፣ ከስታርት ወደ ኦን ሲመለስም አይቋረጥም። ይሄ ነው መታወቂያው፣ ስታርት ላይ የማይጠፋ። እሱ ከጠፋማ ሞተሩ በምን ይነሳል።

ሁለተኛው ኢግኒሽን ኦን ላይ እንደ መጀመሪያው ነው፣ ስታርት ላይ ግን እንደ መኪናው ነው፣ አንዳንዱ ይይዛል አንዳንዱ ይጠፋል። ያንተዎቹ ሁለቱም ስታርት ላይ ከያዙ ሁለቱም ሙሉ ኢግኒሽን ናቸው፣ ሪሞቱም ሁለቱንም ስታርት ላይ እየመገበ መያዝ አለበት። አንዱ ከጠፋ ያኛው ስታርት ላይ እንዲጠፋ ተደርጎ ነው ፕሮግራም የሚደረገው። መርሁ ቀላል ነው፣ ሪሞቱ የቁልፉ ግልባጭ ነው፣ ቁልፉ የሚያደርገውን በሙሉ ያደርጋል፣ አይጨምርም አይቀንስም።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ አንዳንዴ ዜሮ መሆን የነበረበት ቦታ 3 ወይ 4 ቮልት ታያለህ። አትደንግጥ፣ መልቲሜትሩ ራሱ ከረንት ስለማይስብ በሌላ ዕቃ ዞሮ የመጣውን ትንሽ ነገር ያሳይሃል። ማሞቂያውን ወደ ሁለተኛ ፍጥነት አድርገህ፣ ሬድዮ ከፍተህ፣ ማለትም ሽቦዎቹን ስራ ሰጥተህ ድገመው፣ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል።

አሁን ወደ ጥያቄህ፣ ለምን አላገናኛቸውም? አይጂ1ና አይጂ2ን አንድ ላይ ካሰርካቸው ቁልፉ ኦን በሆነ ቁጥር ኤኤም1ና ኤኤም2 በቁልፍ ቤቱ ውስጥ ይገናኛሉ። ፋብሪካው ሁለት ፊውዝ፣ ሁለት መስመር ያደረገው አንዱ ሲበላሽ ሌላው እንዲተርፍ ነው። አንተ ድልድይ ሰራህለት ማለት ነው። የማሞቂያው መስመር ላይ ሾርት ቢፈጠር ጭነቱ ዞሮ በሞተሩ ፊውዝ በኩልም ይመጣል፣ ከዛ ሀይዌይ ላይ ሞተርህ ይጠፋል። ደሞ የሪሞቱ አንድ ሪሌ ለሁለት ሰው የሚሆን ሸክም ይሸከማል፣ ብዙዎቹ 30 አምፒር ናቸው። ወዲያው ምንም አይልህም፣ ቀስ እያለ እየጋለ ነው ፕላስቲኩን የሚያቀልጠው።

መፍትሄው ሁለት ነው። መጀመሪያ የኪቱን ወፍራም ሽቦዎች ቁጠር። ብዙዎቹ ከአራቱ ሌላ አንድ ትርፍ መውጫ አላቸው፣ ሁለተኛ ኢግኒሽን ወይ ሁለተኛ አክሰሰሪ ወይ ሁለተኛ ስታርተር እንዲሆን የምትመርጠው፣ ወይ በትንሽ ጃምፐር ወይ በፕሮግራም። እሱን ሁለተኛ ኢግኒሽን አድርገውና አይጂ1 ላይ አገናኘው፣ አለቀ። ሰው የሚዘለው ገፅ ላይ ስለሚገኝ ነው አንተም ያላየኸው ብዬ እገምታለሁ።

ከሌለው ሪሌ ትጨምራለህ፣ የመኪና ተራ ሪሌ፣ 30 ወይ 40 አምፒር፣ እግሮቹ ላይ 30፣ 85፣ 86፣ 87 የሚል የተጻፈበት። 30 ላይ ከኤኤም1 የሚመጣ ሽቦ በራሱ ፊውዝ በኩል ታስገባለህ፣ ፊውዙ ከምንጩ አጠገብ ይሁን። 87 ወደ አይጂ1 ይሄዳል። 86 ላይ ከሪሞቱ ኢግኒሽን መውጫ ቀጭን ሽቦ፣ 85 ማሳ። ሪሞቱ ኢግኒሽን ሲሰጥ ሪሌው ይጎትታል፣ ሲያቆም ይለቃል። 87ኤ የሚል አምስተኛ እግር ካለው ባዶውን ተወው፣ በቴፕ ሸፍነው። ሪሌውን ደሞ ዝም ብሎ እንዳይንጠለጠል ከፔዳል ርቆ በፕላስቲክ ማሰሪያ እሰረው፣ ከፍሬን ፔዳል ስር ወድቆ የተገኘ ሪሌ በዓይኔ አይቻለሁ።

የኪቱ ሁለት ቀይ የባትሪ ሽቦዎች ካሉህ ሁለቱንም አንድ ኤኤም ላይ አትደርብ። አንዱን ኤኤም1 ላይ ሌላውን ኤኤም2 ላይ። መኪናው ሸክሙን ያከፋፈለው ለሁለት ነው፣ አንተም አከፋፍል። ከሲጋራ ማቀጣጠያው ጀርባ ባትሪ የወሰደ ሰው መኪና መጥቶልኝ ያውቃል፣ ሶኬቱ ቀልጦ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል።

ማገናኘቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከምጠግናቸው ግማሾቹ የሽቦ ምርጫ ስህተት ሳይሆን የመጋጠሚያ ችግር ናቸው። ከኪቱ ጋ የሚመጡትን በፒንሳ ጠብ አድርገህ የምትቆልፋቸውን ፕላስቲክ ቅንጥቦች ጣላቸው። ለቀጭን የሲግናል ሽቦ ይሁን ግድ የለም፣ ለኢግኒሽን ግን አይሆኑም። ቢላዋዋ ጥቂት የመዳብ ክር ብቻ ነው የምትነካው፣ መኪናው ውስጥ ሌሊት ከዜሮ በታች 20 ሆኖ ቀን ማሞቂያ ሲነፋበት ብረቱ ይኮማተራል ይለጠጣል፣ ቀስ እያለ ይላላል፣ ከዛ «አንዳንዴ ይነሳል አንዳንዴ አይነሳም» የሚል ስልክ ይደወላል። ትክክለኛው፣ የመኪናውን ሽቦ ሳትቆርጥ ልባሱን ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ላጥ፣ የመዳቡን ክሮች መሀል ለመሀል በቀጭን ነገር ክፈት፣ የኪቱን ሽቦ በቀዳዳው አሳልፈህ ዙሪያውን ጠምጥም፣ ከዛ በየደው። ሌዱ ከላይ ኳስ ሰርቶ ከቀረ አልያዘም፣ ወደ ክሮቹ ውስጥ ሲሰርግ ታየዋለህ፣ ቀለሙም ያበራል። ከዛ ጥሩ ቴፕ፣ የዶላር መደብሩ በመጀመሪያው ክረምት ይላጣል።

አሁን ስለ ስታርተር ሽቦ አንድ ታሪክ ልንገርህ፣ አንተንም ሊነካህ ስለሚችል። የመጀመሪያ ክረምቴ ላይ አንድ የቆየ የጃፓን መኪና ሰራሁ፣ ሞቅ ያለ ጋራዥ ውስጥ፣ አስር ጊዜ በሪሞት አስነሳሁ፣ አስር ጊዜም ተነሳ፣ ብሬን ተቀብዬ ሸኘሁት። በማግስቱ ጠዋት ሰውየው ደወለ፣ በሪሞት ሞተሪኖው ይዞራል ይዞራል አይነሳም፣ በቁልፍ ግን አንዴ ነው የሚነሳው። ሄጄ ውጪ በብርድ ቆሜ ስለካ ስታርት ላይ ብቻ የሚነቃ ሁለተኛ ሽቦ አለ፣ እኔ አንዱን ካገኘሁ በኋላ ሌላ አልፈለግኩም። አንዱ ሞተሪኖውን ያዞራል፣ ሌላው ለሞተሩ ኮምፒውተር «አሁን እየተነሳ ነው» ብሎ ይነግረዋል፣ በብርድ ቤንዚን የሚጨምረው በዛ ነው። ሞቃት ጋራዥ ውስጥ ተጨማሪ ቤንዚን ስለማያስፈልገው ይነሳል፣ በብርድ አይነሳም። ከዛ ወዲህ የምፈልገውን ባገኝም ሁሉንም ወፍራም ሽቦ እስከ መጨረሻው ሳልለካ አልነሳም። አንተም ስድስቱንም ለካ፣ ሶኬቱ ላይ ሰባተኛ ካለም እሱንም። ያስገባኸውን ስራ ደሞ በሞቀ ሞተር አትመነው፣ ሌሊቱን ውጪ አሳድረህ ጠዋት ላይ ነው የምትፈትነው።

ስለ ቁልፉ ቺፕ አትጨነቅ፣ መኪናህ በሪሞት ተነስቶ ስለሚቆይ ችግር የለብህም። ተነስቶ ወዲያው የሚጠፋ ቢሆን ኖሮ የቁልፉን ቺፕ ተክቶ ለመኪናው የሚመልስ ባይፓስ ሞጁል ያስፈልግሃል እልህ ነበር።

ሦስት ነገር ግን ካላስገባህ እኔ ራሴ መጥቼ እነቅልሃለሁ። የፍሬን ሽቦ፣ ከፍሬን ፔዳሉ በላይ ካለው ስዊች፣ ፔዳሉን ስትረግጥ 12 የሚሆን ስትለቅ ዜሮ የሚሆን። ቁልፉ ኦን ላይ ሳይደረግ ማንም ፍሬን ቢረግጥ ሞተሩን የሚያጠፋው እሱ ነው፣ ሌባ መስኮት ሰብሮ ገብቶ ማርሽ እንዳያስገባ። ሁለተኛ የኮፈን ስዊች፣ ኮፈኑ ተከፍቶ እጅህ ቺንጋው ላይ እያለ ልጅ ሪሞት ቢጫን እንዳይነሳ። እሷ ከኪቱ ጋ በትንሽ ከረጢት ትመጣለች፣ ብዙ ሰው ከረጢቷን ሳይከፍት ይጥላታል። ሦስተኛው ሽቦ አይደለም፣ የተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ከሆነ የምታቆማት ሪሞቱን ረስተኸው ኑር። የጋራዡ በር ተዘግቶ በስህተት የተጫነች አንዲት በተን ጭሱን ወደ መኝታ ቤት ትልካለች፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ያንተ ውጪ አፓርትመንት ፓርኪንግ ላይ ከሆነ ጥሩ።

ለባለቤትህ ደሞ አሳያት፣ በሪሞት ተነስቶ ሳለ ገብታ ቁልፉን ኦን ድረስ ብቻ ታዙረው፣ ስታርት ድረስ አይደለም፣ ከዛ ፍሬን ትርገጥ፣ ሪሞቱ ይለቃል ቁልፉ ይረከባል። እንደለመደችው ስታርት ድረስ ካዞረችው ሞተሪኖው የሚሰራ ሞተር ላይ ገብቶ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ኪትህ ይሄን የሚከለክል ነገር ካለው፣ የስታርተሩን ሽቦ ቆርጠህ በቁልፉ በኩልና በሞተሪኖው በኩል ለሁለት የምታስገባው፣ አስገባው። ሲቆረጥ የትኛው ጫፍ የቁልፉ እንደሆነ እንዲሁ በመልቲሜትር ነው የሚለየው፣ ስታርት ላይ 12 አካባቢ የሚያሳየው ጫፍ የቁልፉ ነው፣ ሽቦው ስለተቆረጠ ሞተሪኖው አይዞርም፣ ባትሪውም ዝቅ አይልም።

ጓደኛህ የጠየቀው ራቭ4፣ የ2021 ፑሽ ስታርት ያልከው፣ የኔ መልስ ለሱ አይሆንም። እዛ ወፍራም ሽቦ የሚያዞር ቁልፍ ቤት የለም፣ በተኑ ለኮምፒውተር ነው መልዕክት የሚልከው፣ ሪሞቱም ለዛ መኪና በተሰራ የዳታ ሞጁል በኩል ነው የሚገባው። እንዳንተ መኪና መስሎት መልቲሜትር ይዞ እንዳይገባበት ንገረው።

ቅዳሜ እሰራለሁ ካልክ መጀመሪያ ለካ፣ ምንም ሳትቆርጥ። ወረቀት ላይ ስድስት መስመር አስምርና ለእያንዳንዱ ሽቦ ቀለሙን፣ ከዛ ኦፍ፣ አክሰሰሪ፣ ኦን፣ ስታርት ላይ ያየኸውን ቁጥር ጻፍ፣ የኪቱን ወፍራም ሽቦዎችና መመሪያው ላይ ያለውን ፎቶ አንሳና ከሱ ጋ ላክልኝ። ሪሌ መግዛት ይኑርብህ አይኑርብህ ከሱ አይቼ እነግርሃለሁ።